ነጭ የሀገር ልብስ ብቻ

የምስክር ስም፦ ሐረግ ፈንታው
ዕድሜ፦ 25  ሥራ፦ መምህርት
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ቤቱ አልተገለጸም
ቀን፦ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በባህሩ ደምሴ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ባለፈው እሁድ ከአቶ ኪዳነማርያም ጋር ጋብቻ ፈጽሜያለሁ። ተጎጂው ባህሩ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሲሆን፣ በቁጥጥር ሥር የዋሉት አቶ አስናቀው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድነት ለመደገስ ተስማምተው ዳሱ የተጣለው በባለቤቴ ወላጆች ግቢ ነው። ከፋሲካ በፊት አማቴ ወይዘሮ ብርሀንነሽ አስጠርተውኝ፣ መምህርት ነሽ በማለት የጥሪ ካርዱን እንድጽፍ አዘዙኝ። ቪዲዮ ስለሚቀረጽ «ጥቁር የለበሰ ዳስ አይገባም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እናቴ ወይዘሮ ደብረወርቅ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ከል ለባሽ መሆኗን ያውቃሉ፤ ለቅሶም ደርሰዋል። ይህንኑ ሳስታውሳቸው «እሷንማ ወገኖቿ ያስወልቋት፤ ዓመቱስ አለፈ አይደል» አሉ። በእኛ ልማድ ከል የለበሰ ሰው በገዛ እጁ አያወልቅም። የሥጋ ዘመድ አዲስ ልብስ ገዝቶ፣ ለምኖ ያስወልቀዋል። ለእናቴ ይህን ማድረግ የሚገባቸው አጎቴ ናቸው።

የአማቴን ቃል እንዳለ መጻፍ ስለከበደኝ «ነጭ የሀገር ልብስ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። በማለስለሴም ደስ ብሎኝ ነበር። ካርዱ ለአጎቴ በደረሰ ማግስት ቤታቸው ሄጄ እናቴን ከል እንዲያስወልቁልኝ ለመንኳቸው። ቀሚሱን ገዝተው አስቀምጠው ነበር፤ አሳይተውኛል። ሆኖም «ልጄ፣ ለበዓሉ ላስወልቃት አስቤ ነበር። አሁን ባደርገው በሰው ትእዛዝ ነው የሚሆነው። በእህቴ ሐዘን ላይ ካርድ አያዝበትም» ብለው ቀሚሱን መልሰው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

እሁድ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከባለቤቴ ጋር ከበሩ ትይዩ ተቀምጠን ነበር። እናቴ በጥቁር ልብሷ ከአጎቴ ጋር መጣች። በር ላይ ካርድ የሚቀበለው ባህሩ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካርዱ ነጭ ብቻ ነው የሚለው» አላት። እናቴ እዚያው ቆመች። ልነሣ ስል ሚዜዬ ቬሎዬን ይዛ «እየተቀረጽሽ ነው፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በዚህ መካከል አጎቴ በያዙት ዱላ ባህሩን ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ መቱት፤ ወደቀ። ካሜራው ወደ እኛ ዞሮ ስለነበር በሩን አልቀረጸም።

ትናንት አማቴ «እናቴ ቀድማ ገፈተረችው ብለሽ ተናገሪ» አሉኝ። እናቴ ደግሞ «አጎትሽ ነው፣ አላየሁም በይ» ብላ ሰው ላከችብኝ። ባለቤቴን ምን ልበል ብዬ ስጠይቀው «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እናቴ ማንንም አልነካችም። አጎቴ መትተዋል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን በመናገሬ በሁለቱም ቤት የሚቀበለኝ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እንደ ተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ እውነት ስለ መሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። አድራሻዬን ስጠየቅ ከዚህ ወጥቼ የት እንደምገባ ስላላወቅሁ የቤቱ ቦታ ባዶ እንዲተውልኝ፣ መጥሪያ ሲኖርም በስልኬ እንዲደወልልኝ አመልክቻለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሐረግ ፈንታው
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሳዲቅ ይመር፣ ፊርማ