መጨረሻ የመጣ ይሳላል

(አርብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። አራት ኪሎ፣ የካርቱኒስቶች ማኅበር አባላት በየሳምንቱ ምሳ የሚበሉበት ምግብ ቤት በረንዳ ላይ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ኤፍራታ አንድ ሥዕል ይዛ የማኅበሩን አንጋፋ ጋሽ ወንድይፍራውን ከጠረጴዛው ተከትላ ወጥታለች።)

ኤፍራታ፦ አፍንጫውን ላሳንሰው? ጋሼ፣ ላጲስ ይዣለሁ እኮ። በእርሳስ ነው የሳልኩት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አፍንጫዬ ምን አደረገሽ? ግቢና ምሳሽን ብዪ።

ኤፍራታ፦ እንዴት ብዬ ልብላ? ጋሽ ጥላዬ ሲጋብዙኝ ሕጉን ነግረውኛል። መጨረሻ የመጣ ይሳላል። አዲስ ሰው ካለ ደግሞ፣ የተሳለው ሰው በአዲሱ ሰው ሥዕል ስር «እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመ አዲሱ ገባ፣ ካልፈረመ ወደ ቤቱ። እስኪፈረም ማንም እጁን አይሰድም። በያይነቱ ቀርቦ ሽሮው ቆዳ አውጥቷል፣ አምስት ሰው አፍጥጦ እያየው ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኤፍራታ፦ እሱንም ነግረውኛል። ሰው ሲስል የኖረ ሰው ሲሳል መኮሳተር የለበትም ብለው አወጡት አሉ። ይኸው እርሶ ተኮሳትረው በረንዳ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የት ነው ያየሽኝ?

ኤፍራታ፦ ፀጉር ቤቱ ውስጥ። እኔ ጓጉቼ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የመጣሁት፣ አስተናጋጇ ገና ወንበር እያወረደች። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ማዶ ሳይ እርሶ ፀጉር ቤት ገቡ። ወይኔ እሳቸው ናቸው ብዬ ልሞት ነበር። ግን ማንም አይቆርጦትም። ጨርቁ አንገቶ ላይ ታስሮ፣ በመስታወቱ የምግብ ቤቱን በር ነው የሚያዩት። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ከንፈሮ ይንቀሳቀሳል። አምስተኛው ሲገባ ጨርቁን ጥለው ተነሡ። ከዛ እዚህ ገብተው መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አሉ። ምን ላድርግ፣ እሱን ሳልኩት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጥላዬ ሲያየው ምን አለ?

ኤፍራታ፦ ከሳቃቸው የተነሣ መነጽራቸው ምስሩ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ስምንት ወር ሙሉ መጨረሻ የሚመጣው ለካ አስቦበት ነው፣ በየሳምንቱ አምስት የራሱን ፊት ካላየ ምግብ አይወርድለትም አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እንደዛ ነው የሚያስቡት?

ኤፍራታ፦ ሁሉም። ለዛም ይመስለኛል አንበሳ አስመስለው የሚስሎት። ዛሬም አምስቱም ያንኑ ጢም ነው የሳሉት። ጢሙን እኮ አምና ተላጭተውታል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እጄን ለምን ደበቅሽው?

ኤፍራታ፦ የቱን እጅ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሥዕሉ ላይ። ሁለቱም እጆቼ ጨርቁ ስር ናቸው። ማን ነገረሽ?

ኤፍራታ፦ ማንም። እጅ መሳል አልችልም፣ የምስለው ጣት ሁሉ ሙዝ ነው የሚመስለው። ጨርቁን ሳይ ተመስገን ብዬ ሸፈንኩት። ለጋሽ ጥላዬ እንዳይነግሩብኝ ብቻ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሌላ ምንም አላየሽም?

ኤፍራታ፦ ሌላ ምን አለ? ጋሼ፣ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ መጽሔት ላይ የሚስሉትን እየቆረጥኩ ደብተር ላይ ነው የምለጥፈው። ከፋሲካ ወዲህ የድሮዎቹን መልሰው ሲያወጡ እንኳን፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ እያሉ ድጋሚ ለጠፍኳቸው። ዛሬ ሆዴን አሞኛል ብዬ ነው ከትምህርት ቤት የቀረሁት። ለክፍሉ ልጆች በሙሉ አውርቻለሁ። ሰኞ ምን ብዬ ልገባ ነው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሥዕሉ እኔን ይመስላል። ችግሩ እሱ አይደለም።

ኤፍራታ፦ ታዲያ ይፈርሙልኛ። አራት ፊደል ናት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አንቺ ጻፊው፣ እኔ አዎ እላለሁ።

ኤፍራታ፦ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አይያዝም ተብያለሁ። ሕጉን ያወጡት እርሶ አይደሉ እንዴ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ። አምጪ እስክሪብቶ። ወደዛ ዙሪ።

ኤፍራታ፦ ዞርኩ። ... ጋሼ? አራት ፊደል እኮ ነው። ልዙር?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ነይ እዪው።

ኤፍራታ፦ ይሄ ... «ኔ» ነው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ «ኔ» ሊሆን ተነሥቶ ነበር፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ከፋሲካ ወዲህ እጄ እንዲህ ነው። መጨረሻ የመጣ ይሳላል እንጂ ራሱ አይስልም፣ እሱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ለቀልድ ነበር።

ኤፍራታ፦ ስለዚህ ነው ፀጉር ቤት ... እኔ ደግሞ አፍንጫው ነው ብዬ ስቀባጥር። እቀደዋለሁ፣ ጋሼ። አልፈረሙልኝም እላለሁ። ወንበሩም ይቅርብኝ፣ ለክፍሉ ልጆች የሆነ ነገር እዋሻለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከአምስት አንበሳ መሀል አንድ ሰው የሚመስል ተገኝቶ ትቀጂዋለሽ?

ኤፍራታ፦ ፊርማውን ካዩት ያውቁቦታል እኮ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይወቁ። የገዛ ፊቱን ይወዳል ከሚሉኝ እጁ ይንቀጠቀጣል ቢሉኝ ሳይሻል አይቀርም። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፣ የመጀመሪያውንም ለምጄው ነበር።

ኤፍራታ፦ እንግባ በቃ? ምግቡ በረደ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አብረን አይደለም። እኔ ልግባ፣ አንቺ እዚሁ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ መጨረሻ ነይ። እርሳስሽን ግን ስጪኝ፤ ያ የተንጨባረረ ፀጉርሽ ቀጥ ያለ መስመር አይፈልግም።