ከሴናር የመጣው አፈር

ወደ አሶሳ ስንመለስ ዓባይን በታንኳ ተሻገርን። አንድ ነጋዴ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ከረጢት ነካ አደረገ።

«እህቴ፣ ሰው ከሴናር ጨው ያመጣል፤ አንቺ አፈር?»

«የአክስቶቼ ልጆች የድሮውን የንጉሥ ቤት አዞሩኝ። ፈርሷል። መስጊዱ ግን ቆሟል፤ ከግቢው ቆፈሩልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እናቴ በልጅነቷ እዚያ ሰግዳለች። አሁን አልጋ ይዛለች፣ ውሃ አይስማማትም። ለሶላት ፊቷንና እጇን በደረቅ አፈር ነው የምታብሰው። ‹አንድ ቀን እንኳ በሴናር አፈር› አለችኝ።»

«መቼ ወጣሽ?»

«ማሽላ ሲዘራ።»

«ወላሂ፣ ታጭዶ አለቀ እኮ!»

«አየሁት፣ ወንድሜ። ኢንሻአላህ ትጠብቀኛለች።»

ውሃው ወደ ታንኳው ሲረጭ ነጠላዬን አውልቄ ከረጢቱን ሸፈንኩላት።