ያልደረቀው የሸክላ ፊት

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የመቱ ሰዎች፤ በዚህ ዝናብ ከሁሩሙና ከዳሪሙ በእግራችሁ የመጣችሁም፣ እግዜር ያክብራችሁ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ስለ እትዬ ሻሽቱ የምናገረው አለኝ። ደስ አያሰኛችሁም።

ጣሊያን ከከተማችን ከወጣ ገና ወሩ ነው። ትናንት ለቅሶ ቤት አቶ ጀላሉ፣ “የጣሊያኑን ሹም ጭንቅላት በእሳት ያፈነዱ ጀግና” ሲሉ ሰማሁ። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ውሸት ነው። እዚያው ነበርኩና ውሸት ነው እላለሁ።

እንዴት እዚያ ተገኘሁ? አዲስ አበባ ላይ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል ሸሽቼ መጣሁ። ቤሩት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ከእናንተ ማን አስጠጋኝ? እትዬ ሻሽቱ አስጠጉኝ። ማሰሯቸውን ትገዛላችሁ፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው ብላችሁ እጃቸውን አትጨብጡም። እናንተ የማትገቡበት ቤት ስለሆነ ጣሊያንም አልገባበትም።

ጭቃ አስረገጡኝ። ገል አስፈጩኝ። በሦስተኛው ወር ከጭቃው ዶሮ ሥራ አሉኝ፤ ሠራሁ። አገላብጠው አዩትና፣ “ቤሩት ዶሮ የለም እንዴ?” አሉኝ። እሳቸው የሠሩት ጎሽ ግን ሊዋጋችሁ የሚመጣ ይመስላል። ስቸኩል “ሱታ፣ ሱታ” ይሉኛል፤ ቀስ በል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የተሠራው ነገር እሳት ከመግባቱ በፊት ጉንጭ ላይ ይደረጋል። ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውሃ አለ፤ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። እጅ ያታልላል፣ ጉንጭ አያታልልም ይሉ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ጣሊያኖቹ ልጃቸውን ነመራን አሰሩ። ሹሙ ያንን ጎሽ ገበያ ላይ አይቶ ኖሮ፣ የራሴን ጭንቅላት በሸክላ ሥሪልኝ፤ በደህና ከወጣ ልጅሽን እፈታለሁ አለ። ታዲያ እኚህ እናት ያንን ፊት ሊያፈነዱት ሠሩት? አፍንጫውን አራት ጊዜ አፍርሰው ሠሩት። ሰውየውን ይጠሉታል፤ ፊቱን ግን አሳመሩት። ውስጡን ቦርቡሬ እንዳደርቀው ለእኔ ሰጡኝ። በቀጠሮው ቀን ትኩሳት ጥሏቸው ነበር። ከመደባቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ።

“ጉንጭህ ላይ አደረግከው?”

“አዎ” አልኩ።

አላደረግኩም። ለምን? የጓደኞቼን ደም ካፈሰሱት የአንዱ ጉንጭ ላይ ጉንጬን አላሳርፍም ብዬ። ጭቃ እኮ ነው። እኔ ግን ኮራሁ። አርበኛ የሆንኩ መሰለኝ።

እሳቱ መሃል ድው አለ።

የሸክላውን ፊት ሊወስዱ የመጡት ወታደሮች ማን ነው ያበላሸው ሲሉ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሻሽቱ ቀደሙኝ። “እኔ ነኝ” አሉ። ማንነቴ ከተጠየቀ እንደምረሸን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። እሳቸው በትኩሳታቸው ላይ ተገረፉ፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ጎናቸው ከዚያ ወዲያ አልዳነም። ዛሬ እዚህ ያመጣን ያ ጎን ነው። ነመራንም ከመቱ አውጥተው አጋዙት።

ቁስላቸውን ሳጥብላቸው ይቅርታ ለመንኳቸው። “አንድ ልጅ ወስደውብኛል” አሉኝ፤ “አንተን ደግሞ መርቄ ልስጣቸው?”

ነመራ፣ አየሁህ፣ እዚያ ቆመሃል። እናትህ ትናንት አረፉ፣ አንተ ዛሬ ጠዋት ከእስር ደረስክ። መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ እናትህ ከአንተ ይልቅ አገራቸውን መረጡ፣ ኩራ ብሎሃል። አይደለም። የመረጡት አንተን ነበር። በአሥር ጣታቸው መረጡህ። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። የምታደርገኝን አድርገኝ፤ ከዚህ የትም አልሄድም።

እናንተስ? በሕይወታቸው እጃቸውን ያልጨበጣችሁ፣ ሲሞቱ ጀግና ማለት ቀለላችሁ?

እትዬ ሻሽቱ፣ ያላደረጉትን አድርገዋል ብለው ሊቀብሩዎት ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ብል ይመቸኝ ነበር፤ ዘጠኝ ወር ተመችቶኛል። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ልጅዎ ቆሞ ሰምቷል። እንግዲህ ይረፉ፣ እትዬ።