ድንገተኛው ምስክር

(የፍርድ ቤት ኮሪደር። ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ባንተይርጋ፣ መግቢያቸውን በአጥር የዘጋባቸውን ጎረቤታቸውን አቶ ጥላዬን ከስሰው፣ ከጠበቃቸው ከሶስና ጋር ተራቸውን ይጠብቃሉ።)

ሶስና፦ ጋሽ ባንተይርጋ፣ ጠረጴዛ አልደበድብም አልኩ።

ባንተይርጋ፦ እሺ ተዪው። ግን ተንጎራደጂ እንጂ ልጄ። የእሁዱ ድራማ ጠበቃ መነጽሩን አውልቆ ተከሳሹ አፍንጫ ሥር ሲገባ ሰውየው ያልሠራውን ሁሉ ያምናል። አንቺ ባለፈው ቀጠሮ «በጽሑፍ ያቀረብነውን እናጸናለን» ብለሽ ቁጭ። እኔ ደግሞ ይዩልኝ ብዬ ዕድሩን በሙሉ ጠርቼ ነበር።

ሶስና፦ እሱ ነፍሰ ገዳይ የሚይዘው በሁለት ማስታወቂያ መሃል ነው። እዚህ መዝገብ እስኪመረመር ክረምቱ ይወጣል።

ባንተይርጋ፦ ሰው የሚያምነው ሲያይ ነው። እኔ ተሳቢ ጭኜ ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጄ ሳዞር የፊት ጎማው ደመና ረግጦ ነበር። ያየ አይረሳውም።

ሶስና፦ ድራማ ላይ ሾፌር ሲነዳስ አይተው ያውቃሉ?

ባንተይርጋ፦ እሱማ ቅሌት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መሪውን እንደ ወንፊት ያወዛውዘዋል። ዓይኑን ከሴትየዋ ሳይነቅል፣ ማርሽ ሳይነካ ዳገቱን ይጨርሳል። እንዲህ የሚነዳማ አስከሬኑም አይገኝ።

ሶስና፦ ታዲያ ሾፌሩ ውሸት ከሆነ ጠበቃውን ምን ብለው አመኑት?

ባንተይርጋ፦ ጠበቃው ሱፍ ያምርበታላ። ለማንኛውም አታስቢ፤ ቦምብ ይዤ መጥቻለሁ።

ሶስና፦ ቀስ ይበሉ፣ በር ላይ ፖሊስ አለ።

ባንተይርጋ፦ ምስክር ነው። ሙላት፣ አጥሩን የሠራው ግንበኛ። ጥላዬ የድንበሩን ድንጋይ አስነቅሎ መሠረቱን ወደ እኔ መግቢያ እንዳስቆፈረው በገዛ አፉ ይናገራል። ያውልሽ፣ ደረጃው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስጠቅሰው በሩን በርግዶ ይገባል።

ሶስና፦ መቼ ነው ያገኙት?

ባንተይርጋ፦ ገና ክሱን ሳንጽፍ።

ሶስና፦ እኔ ምስክር አለዎት ወይ እያልኩ ስለምንዎት?

ባንተይርጋ፦ ያኔ ብነግርሽ ምኑን ድንገተኛ ሆነ?

ሶስና፦ የምስክር ስም ከክሱ ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ዛሬ ቢበረግድ ፖሊሱ አንጠልጥሎ ያስወጣዋል። ለምን ዘገየ ሲሉኝ ምን ልበል? ለመጨረሻው ክፍል አቆይተነው ነው?

ባንተይርጋ፦ እና አይሰማም?

ሶስና፦ አይመስለኝም። ሌላ የረባ ማስረጃ ደግሞ የለንም። አጥሩ እንደቆመ ይቀራል፣ እርስዎም በጓሮ እየዞሩ ይገባሉ።

ባንተይርጋ፦ በጓሮ ቦይ አለ።

ሶስና፦ ታዲያ እርስዎ ደመና የረገጡ ሰው ቦይ ያቅትዎታል?

ባንተይርጋ፦ ባለቤቴ ዘነበች እግሯ አይታዘዝም። አዝዬ ነው የማሻግራት። ትናንት አብረን ወደቅን።

ሶስና፦ ይሄንንስ ለምን ደበቁኝ?

ባንተይርጋ፦ ሚስቴን አዝዬ ወደቅሁ ተብሎ ይወራል?

ሶስና፦ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ጋሽዬ። ቆይ፣ ያ አቶ ጥላዬ አይደለም?

ባንተይርጋ፦ እሱ ነው። ሙላትን አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሌ ስልክበት «ፍርድ ቤት ይለየን» ብሎ ያባረረው ሰውዬ፣ ወደኛ እየመጣ ነው እኮ።

ሶስና፦ የእሱ ጠበቃ ገና አልደረሰም። ጥላዬ እሁድ እሁድ ምን ያያል?

ባንተይርጋ፦ ያንኑ ድራማ ነዋ። ድምፁ በአጥሩ አልፎ ይመጣል።

ሶስና፦ እንግዲያው ድንገተኛ ምስክር የሚሰማ ይመስለዋል። ይስሙኝ። አይዋሹ፣ አይፎክሩ፣ አይንጎራደዱ። እርቅ ካለ አጥሩን መቼ እንደሚያፈርስ ብቻ ይጠይቁት።

ባንተይርጋ፦ ገባኝ። ... ና ጥላዬ፣ ና ወንድሜ። ሙላትን ታውቀዋለህ አይደል?