የቀፎው መቻቻል

«መቻቻል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት ምናለ እጄን በቆረጠው! ቡሬ ከተማ የሚሠራው የዘመናዊ ቀፎ ፍሬም፣ ንቦች ማር የሚጋግሩበት የእንጨት ክፈፍ፣ ቀፎው ውስጥ አልገባ ቢል፣ ለፍሬም መፈተሻ የሚሆን መለኪያ እንዲሠራ ስፔሲፊኬሽኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአማርኛ ይሁን ስለተባለ ቶለራንስን፣ ማለትም የሚፈቀደውን የልኬት ስህተት፣ «መቻቻል፦ ግማሽ ሚሊሜትር» አልኩት። ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ወረቀቱን አንስተው፣ «ኢንጂነር፣ በዚህ ዘመን መቻቻል ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ?» አሉኝ።

«የእንጨት እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«የምንም ይሁን፣ ጠባብነት ነው! ሁለት ሴንቲ ይደረግ።»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ? መለኪያው ተሠርቶ ጎባጣውንም ወልጋዳውንም ፍሬም እያቻቻለ አሳለፈላችሁ። መቻቻል ያልገባቸው ንቦቹ ብቻ ናቸው፤ ቀፎውን ጥለው ኮበለሉ።