የወገዳ ንባብ ቤትና ያልተቆጠሩት ልጆች

መሪጌታ ይስማው ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ የተሳፈሩበት መኪና ጎማው ጠባብ መንገድ ላይ ፈንድቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጧል። እሳቸው ግን በጋቢያቸው ውስጥ የያዙት ደብዳቤ እንዳይታጠፍባቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። የወገዳ ንባብ ቤት ማኅበር ሊቀ መንበር ከሆኑ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ለረጂ ድርጅቶች ደብዳቤ ሲጽፉም ይህ አምስተኛቸው ነው። አራቱ መልስ አላመጡም። እሳቸው ግን ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ብለው፣ ያሁኑን ከቀድሞዎቹ አስበልጠው በቀይና በጥቁር ቀለም አሳምረው ጽፈውታል። ምስኪን ሰው! የእጅ ጽሕፈታቸውስ እውነትም ያማረ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ በኩል የመጣ መኪና መንገዱ ተዘግቶበት ቆመና ሜሮን ወረደች። ሜሮን የወገዳ መምህርት ናት፤ ከማስተማር ስትመለስ ንባብ ቤቱን ያለ ደመወዝ ከፍታ የምትጠብቀውም እሷው ነች።

«አንቺ ሜሮን! ከየት ነሽ ልጄ?»

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ። ከመካነ ኢየሱስ ነኝ። ማመልከቻችንን በኢንተርኔት ልልክ ሄጄ ነበር።»

«እሰየው! ላክሽው?»

«አልሄደልኝም። ለገጠር ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ያገኘሁት ስንት ሌሊት ስልኬን ስጎረጉር ከርሜ ነው። ቅጹ ግን ባዶ ቦታ አይቀበልም። በወር ስንት ሰው ያነባል? በየቀበሌው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስንት ናቸው? ያቋረጡትስ ስንት፣ በምን ምክንያት? ይላል። ምን ልበል? ቁጥር ከራሴ ፈጥሬ ልሙላ ብዬም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጊዜው ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አበቃ።»

«ታዲያ ቤቱስ?»

«ባለቤቶቹ ለማዳበሪያ መጋዘን ይፈልጉታል። በሰኔ እንለቃለን። በድጋፉ ልንሠራው ያሰብነው ቤት ቀረ፤ መጻሕፍቱን የምናስጠጋበት ጎጆ እንኳ የለንም።»

አንባቢ ሆይ፣ ሜሮን ሰነፍ እንዳትመስልህ። አምና በንባብ ቤቱ በር ላይ ደብተር አስቀምጣ፣ የገባ ሁሉ ስሙንና ክፍሉን እንዲጽፍ አድርጋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አንስተው የወሰዱት መሪጌታ ናቸው። በዚያ አገር ገበሬውን «ልጆችህ ስንት ናቸው?» ቢሉት «እሱ የሰጠኝን ያህል» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ብሎ ይፈራል። ካህኑም ፍርሃቱን በመጽሐፍ ያጸናለታል። እንግዲህ ምሁር ከገበሬው ጋር አብሮ ከፈራ፣ ገበሬውን ማን ያደፋፍረው?

መሪጌታ ነገሩ ወደ እሳቸው እንደሚመጣ ገብቷቸው ቀደሙ። «ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ሰባ ሺህ ሰው በቸነፈር አለቀ። እኔ ይህን እያወቅሁ ልጆቻችንን ላስቀሥፍ?»

«መቶ በግ የነበረው እረኛስ መሪጌታ፣ አንዷ መጥፋቷን በምን አወቀ?»

«እሱ ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አፍሽ መቼም አያርፍም!» አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «ልጆቻችን በጨለማ ናቸው ብዬ ጽፌ የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ቁጥር ምን ይጨምርላቸዋል?»

«እንዲህ ብሎ የማይጽፍ ማን አለ? የጋይንቱም የእስቴውም እንዲሁ ይጽፋል። ሰጪው ማን ይበልጥ እንደተቸገረ በምን ይለይ? ሰጥቶስ ምን እንደተሻሻለ በምን ይወቅ? እርስዎ የሞቱትን በክርስትና ስማቸው በመዝገብ ጽፈው ያስባሉ፤ አንድም ስም አይዘሉም። በሕይወት ያሉት ሲሆኑ ነው ኃጢአት የሚሆነው?»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሜሮን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ከትምህርት ቤቱ የቆዩ መዝገቦች ሁለት ቀን ተቀምጣ የለቀመችው ነው።

«አምስተኛ ክፍል ገብተው የነበሩ ሴቶች ሰባ አራት፤ ስምንተኛ የደረሱት ዐሥራ ዘጠኝ። የቀሩት የት እንደገቡ የጻፈ የለም።»

«ሃምሳ አምስት?» አሉ መሪጌታ። መቁጠር የማይወዱት ሰው ለመቀነሱ ግን አልዘገዩም።

«ሃምሳ አምስት።»

ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ቀጥሎም፣ «አሁን ቢቆጠር ምን ይረባል ልጄ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አሉ በደከመ ድምፅ።

«አልዋሽዎትም፤ ቤቱን አጥተነዋል። እኔም ትናንት አልቅሻለሁ። ድርጅቱ የሚቀጥለውን ማመልከቻ የሚቀበለው በጥር ነው፤ ይስጠን አይስጠንም አላውቅም። ቁጥሩን ከያዝን ግን ሴቶቹ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀሩ እናውቃለን። ቦታ ስናገኝም ልጆቹ በሚመቻቸው ሰዓት እንከፍታለን። ወረዳውንም እያለቀስን ሳይሆን መረጃ ይዘን እንጠይቃለን። አንዱ ድርጅት ቢነፍገን ያው መረጃ ለሌላው ይሆናል። ካልቆጠርን ግን የጠፋችዋን እንኳ መጥፋቷን አናውቅም» አለች።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መሪጌታን ምክሩም መከራውም አብረው መከሯቸው። ሰው ከቤቱ የጎደለውን ካላወቀ ከደጅ የሚለምነውን አያውቅም፤ ይህን ለመረዳት አንድ ንባብ ቤት መዘጋቱ እጅግ ውድ ትምህርት ነው። መሪጌታም ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብዕር አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ከእኔ ቤት ጀምሪ። ካሣነሽ ሙላው በይ፤ የልጄ ልጅ ናት።»

«ስንተኛ ክፍል ነበረች?»

«ስድስተኛ።»

ሜሮን ብዕሯን ያዝ አደረገች። «ያቋረጠችበት ምክንያት?»

መሪጌታ መንገዱን እያዩ፣ «ተድራ» አሉ። «ማን እንደዳራትም ጻፊ።»

«ቅጹ እሱን አይጠይቅም፣ መሪጌታ።»

«ባይጠይቅም ጻፊው። አያቷ።»

ሜሮን ጻፈች። ሃምሳ አራት ስም ቀረ።