ቁልፍ ያስረከበ እጅ

ሰፈርተኛው «ጋሽ መሮ» የሚላቸው ሽማግሌ አናጢ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብተው ከሁሉ የሚከብደውን ጓጉንቸር በእጃቸው ሲመዝኑ፣ «አጎቴ፣ ደግሞ ምን ሊቆልፉ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። ዘወር ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ናት። ጠበቃ በመሆኗ በየሄዱበት ይኩራሩባታል። የዚያን ዕለት ግን ባላገኟት በወደዱ።

«የተከራይዋን ክፍል ነዋ! ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። ሳትመለስ ጓዟን በረንዳ ላይ አውጥቼ በሩ ላይ ይህን እሰቅላለሁ።»

«ምን አጠፋች?»

«በገዛ ቤቴ በር ዘጋችብኝ!»

ተከራይዋ ስልክ ጠጋኝ ናት። ከዓይን የሚሰወሩ ብሎኖችን ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ሰሞን ጋሽ መሮ እዚያ የረሱትን መላጊያ ፍለጋ እንደ ልማዳቸው በሩን በርግደው ሲገቡ፣ በሩ ጠረጴዛውን ገጨና ብሎኑ ሁሉ ወለል ላይ ተበተነ። ልጅቱ በጉልበቷ እየዳኸች ስትለቅም ዋለች። ከዚያም በትሕትና «አባባ፣ ከእንግዲህ ሲገቡ ቢያንኳኩልኝ» አለቻቸው። እሳቸው እቴ! በማግሥቱም ያው በርግደው ገቡ። ቢቸግራት መቀርቀሪያውን ከውስጥ ጣለች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

ሐቁን ለመናገር ጋሽ መሮ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያስቸግራቸው ኩራታቸው ነው።

«በዚህ እጄ የሠራሁትን በር እንደ ለማኝ ላንኳኳ?» አሉ።

«ሕጉስ፣ አጎቴ?»

«የምን ሕግ? ወረቀት የለን፣ ፊርማ የለን! እኔ ከተከራይ ጋር ተፈራርሜ አላውቅም። ቃሌ ውሌ ነው፤ ይህን አገር ያውቃል!»

«ስታስገቧት ምን ብለዋት ነበር?»

«እንደ ወጉ ነዋ! ጎረቤቴን አቁሜ፣ ቁልፉን በእጇ አስጨብጬ፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤትሽ ነው፤ ማንም አይነካሽም› አልኳት።»

«ታዲያ ቃልዎ ውል ከሆነ፣ ውል አለ ማለት አይደል?»

ጋሽ መሮ ጓጉንቸሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ሕጉም የሚለው እርስዎ የሚሉትን ነው» ብላ ቀጠለች። «በቃል የተከራየም ተከራይ ነው። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይወስድብዎትም። በሚኖሩበት ግቢ ያስጠጓት ስለሆነ፣ ሙሉ ቤት የተከራየ ሰው ያለው መብት ሁሉ ላይኖራት ይችላል። ግን ትውጣልኝ ካሉ አስቀድመው ይነግሯታል፤ ሌላ ቤት የምትፈልግበት በቂ ጊዜም ይሰጧታል። እምቢ ካለች ዳኛ አለ። ጓዟን አውጥተው ከቆለፉ ግን ተከሳሹ እርስዎ ነዎት፤ ምስክሩም ያ ያቆሙት ጎረቤትዎ ነው።»

«እሱማ አይዋሽም» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው ተቆጡ። «እሺ፣ መግባቱስ? ቤቴ አይደለም እንዴ?»

«የሚሠሩበት ቤት የኪራይ ነው አይደል? ባለቤቱ በርግዶ ገብቶ ለክተው ያስቀመጡትን ሳንቃ ቢያተራምሰው ምን ይሉታል?»

«አንዴ ሞክሯል! ‹ኪራይህን እስከከፈልኩ ድረስ እዚህ አዛዡ እኔ ነኝ› ብዬ ከበራፍ መለስኩት!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ይህን እንዳሉ የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ውስጥ ደወለ። ባለ መደብሩ ሳቁን ለመሸሸግ ሚስማር መቁጠር ጀመረ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለች ጠበቃዋ በፈገግታ።

ሽማግሌው ጓጉንቸሩን ቀስ ብለው መደርደሪያው ላይ መለሱት። አፈሩ፤ ግን አንገታቸውን አልደፉም። «እኔ ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ በስተርጅናም አልጀምረውም። አንተ፣ ጠንካራ የበር ማጠፊያ ስጠኝ!» አሉት ባለ መደብሩን።

«ወረቀቱንም አይርሱ» አለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ እሷም ሳትነግርዎ ውልቅ ብላ አትሄድም፣ የሰበረችውንም ትጠግናለች።»

«ነገ ነይና ጻፊልን። ጎረቤቴም ይፈርማል።»

ቤት ሲደርሱ ልጅቱ ተመልሳ ሥራዋን ይዛለች። ጋሽ መሮ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አነገቡና ራሳቸው ከሠሩት በር ፊት ቆሙ። እጃቸው እንደ ልማዱ ሊገፋ ተዘረጋ፤ መለሱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንኳኩ።

ልጅቱ ከሥራዋ ቀና አለች። ያንን በር አንኳኩቶ የሚያውቅ የለማ።

«ማነው?»

«አናጢው ነኝ፣ ልጄ» አሉ ቀጥ ብለው። «በሩ ጠረጴዛሽን እንዳይገጭ፣ ወደ ውጪ እንዲከፈት ላዞረው ነው። ብሎኖችሽን እስክትሰበስቢ እጠብቃለሁ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ክፍል የሚያከራይ ሁሉ በመጀመሪያ ጋሽ መሮን ያማክራል። እሳቸውም ወደ ውጪ የሚከፈተውን በር በኩራት ያሳያሉ፤ ከማሳየታቸው በፊት ግን ያንኳኳሉ።